የጉልበቱ መንታ

መስመሩ አልጠፋ አለ።

ጉንዳን ብርጭቆ ወረቀቱን አጣጥፋ እንደገና ፈተገች። የብረቱን ጉልበት ሞርሳው ነክሶ ይዞታል። መሃሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ወደ ሰማያዊ የምታደላ መስመር ዙሪያውን ዞራዋለች። ከላይዋም ከታችዋም ያለው ብረት ጥርት ያለ ግራጫ ነው፤ እሷ ግን እዚህ ነኝ ትላለች።

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰው ሳይመጣ» አለች ቆቅ። በሩ አጠገብ ቆማ አንድ ዓይኗን ኮሪደሩ ላይ፣ ሌላውን የጉንዳን እጅ ላይ አድርጋለች።

«ታዲያ ነይና አንቺ ፈትጊው።»

«የኔ እጅ መቼ እንዳንቺ ሆነና! እኔ ከነካሁት ይብስበታል። የኔ ቆንጆ፣ ትንሽ ብቻ ቀረሽ።»

ይህስ እውነቷን ነው። በማሰልጠኛው ውስጥ ብረት በማለስለስ ጉንዳንን የሚያህላት የለም። ስሟን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ትንሽ ናት፣ አንድ ሥራ ከያዘች ደግሞ ሳትጨርስ ቀና አትልም። ቆቅም ስሟን ያገኘችው እዚያው ነው። ቅጣት ገና ከሩቅ ሲመጣ ሸትቷት ብር ትላለች፤ እስከ ዛሬ የያዛት የለም። ሁለቱ ደግሞ የክፍል ጓደኛሞች ብቻ አይደሉም። የቆቅ እናት የጉንዳን አክስት ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ጉንዳንን ያሳደገቻት እሷ ናት። የሚያድሩት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጎን ለጎን በተዘረጉ አልጋዎች ላይ ነው።

የጉልበቱ ነገር እንዲህ ነው። ማሰልጠኛው ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን አለ። ከአንድ ፋብሪካ በስጦታ የመጣ አሮጌ ስለሆነ፣ የትናንቱን የሚያስታውስበት አእምሮ የለውም፤ ስክሪኑ የሚያሳየው አሁን የሚሠራውን ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ እንደ ዱቄት የላመ ብረት ተሞልቷል። አንድ መጥረጊያ ዱቄቱን ሰሌዳው ላይ ስስ አድርጎ ያለብሰዋል። ከላይ የሚወርደው ሌዘር የተሰጠውን ቅርጽ እየተከተለ ያቀልጠዋል። ሰሌዳው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሌላ ዱቄት ይለብሳል፣ ሌዘሩም እንደገና ይስላል። እንዲህ ስስ በስስ ላይ እየተደረበ ሲውል፣ ማታ ላይ ከዱቄቱ ውስጥ ጠንካራ ዕቃ ይወጣል። መምህራቸው ይህን ባስረዳ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለሚል፣ ተማሪው ሁሉ ከኋላው «እንቁላል» ነው የሚለው። ራሱም ያውቃል። ራሰ በራ መሆኑም ነገሩን አላቀለለለትም።

እንቁላል የማይቀልድበት አንድ ነገር ግን አለ። ማሽኑ ሥራ ከጀመረ እስኪጨርስ በሩ አይከፈትም። ውስጡ በአርገን ጋዝ ተሞልቶ ይዘጋል፤ የጋለው ብረት አየር ካገኘው ይደርቅና ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ አጠገቡ ተረኛ ይቀመጣል፤ ጋዙን እያየ ሊያልቅ ሲል ሲሊንደሩን ይቀይራል። ጋዙ አልቆ ማሽኑ ከቆመ የተጀመረው ዕቃ ይጣላል፣ ሥራው ከሀ ይጀመራል። ተራውን ትቶ የሄደ ደግሞ ከዚያ ክፍል ይወጣል፣ ይግባኝ የለም።

ቆቅ ተራዋን ትታ ሄደች። ሜዳው ላይ የሌላ ክፍል ልጆች ዳንስ እየቀረጹ ነበርና «አንዴ ብቻ ልግባና ልምጣ» ብላ ወጣች። አንዴው ረዘመ። ስትመለስ ማሽኑ ቆሟል፣ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ እንኳ በሩን ባትነካው ጥሩ ነበር። ደንግጣ ከፈተችው፤ አየሩ ገባ። መልሳ ዘጋችው፣ ሲሊንደሩን ቀየረች፣ «ቀጥል» የሚለውን ተጫነች። ማሽን ምን ያውቃል፣ ቀጠለ።

ጉንዳን ተራዋ ደርሶ ስትመጣ፣ ቆቅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ስትበላ አገኘቻት።

«ለማንም አልናገርም በይ» አለቻት ሁሉንም ከነገረቻት በኋላ። «እማዬ ትሙት በይኝ!»

በአክስቷ በእቴቴ መማል! ጉንዳን በዚህ ምድር ላይ ያላት ሰው እቴቴ ብቻ ናት። እሺ ማለትም እምቢ ማለትም አቃታትና ራሷን ብቻ ነቀነቀች። በማግሥቱ ጠዋት እንቁላል «መሃል ላይ ተቋርጦ ነበር እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ቆቅ «ኧረ በፍጹም፣ ቲቸር!» አለች። ጉንዳን አሁንም ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለላት፤ ያስፈራትም ይኸው ነው።

ዕቃውን ከዱቄቱ አውጥቶ ማጽዳት የእነሱ ሥራ ስለነበር፣ መስመሩን ሌላ ሰው አላየውም። አሁን ደግሞ እነሱም አያዩትም። ጉንዳን ጉልበቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ በጥፍሯ ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው፣ ያብረቀርቃል።

«ጠፋ» አለች።

ቆቅ እየዘለለች አቅፋ ሳመቻት። ጉንዳን ግን ደስታው አልመጣላትም። የጠፋው ላይ ላዩ ነው፤ ውስጡ ያው ነው። ቦታውን በትክክል የምታውቀው ደግሞ አሁን እሷ ብቻ ናት።

ጉልበቱ የሚሠራው ለማሰልጠኛው ዘበኛ ነው። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ወስዶበታል። አሁን የሚጠቀምባት ሰው ሠራሽ እግር የማትታጠፍ ድርቅ ያለች ናት፤ ሲራመድ ኪር ኪር ትላለች። አርፍዶ በአጥር ሊዘል የሚሞክር ሁሉ ያቺን ድምፅ ሲሰማ ይበተናል። «አሳባቂ እግር» ይላታል ራሱ። ጠዋትና ማታ ግን ከበሩ ይልቅ መንገዱ ላይ ነው የሚታየው። ከማሰልጠኛው ጎን ያሉትን የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የሚያሻግራቸው እሱ ነው። መሃል አውራ መንገድ ገብቶ እጁን ይዘረጋል፣ ፈሪዎቹን ይሸከማል። የሚቆም መኪና ይቆማል፤ የማይቆመው ደግሞ ጡሩምባውን እየነፋ በጎኑ ሽው ይላል። የሚታጠፍ ጉልበት ቢኖረው ፈጠን ማለት ይችላል። ይህን ጉልበት ስንት ጊዜ ጠብቆታል።

የዚያን ቀን ሲወጡ በሩ ላይ ቆሞ አገኛቸው።

«እናንተ ልጆች፣ እግሬ አልደረሰችም?»

«ነገ ነው አባባ!» አለች ቆቅ።

«እንግዲህ እንቁላሉም በእግሩ ከሄደ እኔ ለምን እቀራለሁ!» ብሎ ሳቀ። «ያቺ የመዋዕለ ሕፃናቷ ነገረኛ ትናንት ምን ትለኛለች? ‹አባባ፣ አንተ መሮጥ አትችልም።› ከረሜላ ተወራርደናል። ጉልበቷን በገጠምኩ ማግሥት መንገዱን እሷን ይዤ እሮጣለሁ፣ ታያላችሁ!»

ቆቅ አብራው ሳቀች። ጉንዳን ጫማዋን አየች።

«ይህቺ ደግሞ ምነው፣ ምላሷን ድመት በላው?» አለ ዘበኛው።

«ደክሟት ነው» አለች ቆቅ ቀልጠፍ ብላ፣ እጇንም ይዛ ጎተተቻት።

መንገድ ላይ የመብራት ምሰሶውን ሲያልፉ ጉንዳን እጇን አስለቀቀች።

«ቢሰበርስ?»

«አይሰበርም።»

«ልጅ ተሸክሞ፣ መንገድ መሃል ቢሰበርስ?»

«ኧረ አፍሽን ዝጊ፣ አንቺ ልጅ! ሟርተኛ! ብረት እኮ ነው።» ቆቅ ቆም ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መንታውን ጣልሽው?»

ጉንዳን ራሷን ነቀነቀች። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፤ የአሁኑ ውሸት ግን ለቆቅ ለራሷ ነው።

መንታው የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ነበር።

በዚያ ክፍል ልማድ አንድም ዕቃ ብቻውን አይሠራም። አጠገቡ፣ እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ዘንግ አብሮ ያድጋል። ዱቄቱ አንድ፣ ሌዘሩ አንድ ስለሆነ እንቁላል «መንታው» ይለዋል። ዕቃው ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት መንታው በሰው ፊት ሞርሳ ላይ ይታሰራል፣ ጫፉ ላይ ረጅም ቱቦ ይሰካበታል፣ ከዚያ እስኪጎብጥ በኃይል ይሳባል። ጎብጦ ከጸና ዕቃው ይሰጣል። ከተሰበረ ዕቃው ይጣላል፤ እሱን ያገኘው ወንድሙንም አግኝቶታልና። ቆቅ ቆቅ ናትና ይህን አልረሳችም። ለልምምድ ተሠርተው ከተረፉት ዘንጎች አንዱን ከመሳቢያ አውጥታ፣ መንታው በሚቀመጥበት ሳህን ላይ አደረገች። እውነተኛውን «ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣዪው» ብላ ለጉንዳን ሰጠቻት። ጉንዳን ገንዳው ድረስ ሄዳ ሳትጥለው ተመለሰች። አሁን ዘንጉ በተራመደች ቁጥር ጭኗን መታ መታ ያደርጋታል።

ቤት ሲደርሱ እቴቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሁለቱንም ጋዋን የሰፋችው እሷ ናት፣ ኪሱ ላይ አበባ ሳይቀር ጠልፋበታለች። ልጆቿ የዘበኛውን እግር እየሠሩ መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። አዎ፣ «ልጆቼ» ነው የምትለው። አንድም ቀን «ልጄና የእህቴ ልጅ» ብላ አታውቅም።

«ነይ እስቲ አንቺ፣ አዝራርሽ ተንጠልጥሏል» አለች ጉንዳንን እንዳየች። «አታውልቂው፣ እንደለበስሽው ልትከልልሽ።»

ጉንዳን ፊቷ ቆመች። የእቴቴ እጅ ከኪሱ በላይ መርፌውን ያስገባል፣ ያወጣል። ዘንጉን እንዳትነካው ጉንዳን ትንፋሿን ያዘች። እቴቴ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቀና ስትል ፊቷን አየችና እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«ምን ሆንሽብኝ? ትኩሳት የለሽም። የከፋሽ ነገር አለ?»

ከእቴቴ ትከሻ በላይ ቆቅ ትታያለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ራሷን ትወዘውዛለች። ከፊት እቴቴ፣ ከኋላ ግድግዳ፤ ጉንዳን መሄጃ አጣች። ብትናገር የዚህችን ሴት ልጅ ልታስባርር ነው። ዝም ብትል ሰውዬው ልጅ አዝሎ መንገድ መሃል ሊገባ ነው። ማልቀስ አማራት፤ ቢያለቅሱ ደግሞ ጥያቄ ይከተላል።

«ምንም አልሆንኩም፣ እቴቴ።»

መኝታ ክፍላቸው ሲገቡ ቆቅ በሩን ዘጋች። «ከዚያ ክፍል ካስወጡኝ እማዬ ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ» አለች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጨመረች፦ «ደግሞ አንቺም አለሽበት። የፈተገው ማን ነው?»

ይህን ስትናገር በክፋት አልነበረም፣ በፍርሃት ነበር። ጉንዳን ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የፈተገው ማን ነው? እውነት ነው፤ በሩን የከፈተችው ቆቅ ናት፣ ጥፋቱን የሸፈነችው ግን እሷ ናት።

ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ማሰልጠኛው ገባች። ክፍሉ ባዶ ነበር። ዘንጉን ከኪሷ አውጥታ ሞርሳው ላይ አሰረችው፣ ቱቦውን ሰካች፣ በሁለት እጇ ያዘች። ምናልባት አይሰበርም ይሆናል። ካልተሰበረ ተገላገለች፤ ስትስቅ ውላ ስትስቅ ትገባለች። ከተሰበረ ግን አወቀች ማለት ነው። እስካሁን ትጠረጥራለች እንጂ አታውቅም፤ የምትተነፍሰውም በዚያች የጥርጣሬ ቀዳዳ ነው። ቱቦውን ሳትስብ ቆመች። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ስትሰማ ዘንጉን ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

ረፋዱ ላይ ክፍሉ ሞላ። ዘበኛው ሁለቱንም ጫማውን ወልውሎ፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እንቁላል ጉልበቱን እጁ ላይ አኖረለት። «ከሰዓት በኋላ ባለሙያው ይገጥምልሃል።» ዘበኛው እንደ አራስ ልጅ በሁለት መዳፉ ይዞ ገለባበጠው።

«ይቺ ናት ብረት? እንደ ቡሽ ቀለለችኝ እኮ!»

«ቀላል ናት፣ ግን አትጨነቅ» አለ እንቁላል። «መንታው ይምጣ።»

ቆቅ ሳህኑን አቀረበች። እንቁላል ዘንጉን አሰረ፣ ቱቦውን ሰካ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ሳበ። ዘንጉ ቀስ እያለ እንደ መንጠቆ ጎበጠ። ጸና። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ቆቅ ከሁሉም አብልጣ አጨበጨበች።

ዘበኛው ተነሣ። ኪር፣ ኪር እያለ ቀጥታ ወደ ጉንዳን መጣ።

«ያለሰለሻት አንቺ ነሽ አሉኝ» አለና እጇን ያዘ። «እጅሽ ይባረክ።»

ከመላው አካሏ መርጦ ያቺን እጅ ይመርቃል! ጉንዳን ልትስቅለት ሞከረች፣ ፊቷ እምቢ አላት። ዘበኛው ጉልበቱን በብብቱ ሥር ይዞ ወደ በሩ መሄድ ጀመረ። ኪር። ኪር። ከዚያ በር ከወጣ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በዚያ አንድ መስመር ላይ ነው የሚቆመው፣ ከእሷና ከቆቅ በቀር ደግሞ የሚያውቀው የለም።

«ቲቸር» አለች። ማንም አልዞረም። «ቲቸር! መንታው ያ አይደለም።»

ሁሉም ዞረ። ጉንዳን እጇን ኪሷ ከተተች፣ ዘንጉን አወጣች። ወደ ቆቅ አላየችም፤ ብታይ ኖሮ እንደማትችል ታውቃለች። የጎበጠውን ፈትታ የራሷን አሰረች። እንቁላል ቱቦውን አንሥቶ ለራሱ ሊይዝ ሲል አቅማማና ሰጣት።

በሁለት እጇ ሳበች። ዘንጉ ለመጉበጥ እንኳ አልሞከረም። ቀጭ አለ። ግማሹ ከነቱቦው እጇ ላይ ቀረ፤ የተሰበረበት በቢላ የተቆረጠ ይመስል ልሙጥ ነው፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ዘበኛው ብብቱ ሥር ያለውን ጉልበት አየ። ከዚያ እንደሚያቃጥል ዕቃ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ማሽኑ ቆሞ ነበር ማለት ነው» አለ እንቁላል። «በሩም ተከፍቷል። ማን ነው የከፈተው?»

«መስመር ነበረው። ፈትጌ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች ጉንዳን። «ሲጠይቁንም ዋሽቻለሁ። የኔ ይሄ ነው።» ሌላውን አልጨመረችም።

ቆቅ በሩ አጠገብ ነበረች። አንድ እርምጃ ቢቀራት ነው። ማንም አላያትም፣ ብር ማለት ትችል ነበር።

«ነገ እኮ ያቺን ልጅ ይዤ ልሮጥ ነበር» አለ ዘበኛው ለራሱ። ከዚያ ጉንዳንን ትክ ብሎ አያት። «ያሳደገሽ ይባረክ።»

ሰው ለሰው በየቀኑ የሚለው ምርቃት ነው። ዘበኛው ማን እንዳሳደጋት አያውቅም። ቆቅ ግን ታውቃለች፤ ስሟን የጠሯት ይመስል ቀና አለች። የጋዋኗን አዝራሮች አንድ በአንድ ፈታች፣ አወለቀችው፣ አጣጠፈችው።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች። «ተራዬን ትቼ ሄጄ ነበር።»

እንቁላል አልጮኸም። «ሕጉን ታውቂያለሽ» አለ ብቻ፣ እሱም ያመመው ይመስል። ለጉንዳን ደግሞ ወንፊቱን አመለከታት። «ዱቄቱ ይነፋ። ቅጣትሽን ነገ እንነጋገራለን፣ ጉልበቱ ግን እንደገና ይጀመራል።»

«ግዴለም» አለ ዘበኛው ኮፍያውን እያጠለቀ። «አሳባቂዋ እስከዚያ ታገለግለኛለች።»

ማታ ጉንዳን ስትወጣ ቆቅ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር፣ የታጠፈው ጋዋን ጭኗ ላይ ነው። ጉንዳን ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ለእማዬ ማን ይነግራታል?» አለች ቆቅ።

«የኔን እኔ። ያንቺን አንቺ።» ጉንዳን አዝራሯን ያዘች፤ ጠበቅ ብሎ ተተክሏል። ከጠዋት ጀምሮ የፈራችውን ነገር አሁን ተናገረችው። «እቴቴ ግን… ከዚህ በኋላ ታስገባኛለች?»

ቆቅ ዓይኗ ቀልቶ፣ አፍንጫዋ አብጦ ዞራ አየቻት። ተቆጥታለች፣ ገና ብዙ ቀን ትቆጣለች።

«ሌላ ቤት አለሽ እንዴ?» አለች። «ተነሽ በይ፣ ይመሻል።»

መንገዱ ላይ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ መኪኖቹን አስቁሟል። የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው በፊቱ ያልፋሉ። ጉንዳን ተነሣችና ከልጆቹ ኋላ ተሰለፈች፤ ቆቅም ጋዋኑን ብብቷ ሥር አድርጋ ተከተለቻት።